በምን እንሂድ

ሐሙስ ነው ቀጠሮው።
ሐኪሙ ያለበት ሉአንግ ፕራባንግ ነው፣
ሜኮንግ በአንድ ጎኗ፣ ናም ካን በሌላው
እንደ ሁለት ክንድ ያቀፏት ከተማ፤
የመቅደሶቿ ጣሪያ ዝቅ ብሎ መሬት የሚሰማ፣
ነገሥታት በጀልባ ወጥተው የገቡባት፣
አባቴም ሠላሳ ዓመት ሰው ያመላለሰባት።

አሁን ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል።
እጄን ከፊቱ ሳወዛውዝ
«ወፍ አለፈ?» ይለኛል።

ሰኞ ማታ ሩዙን በሙዳይ መሐላችን አድርገን
ክርክር ገጠምን።
ወንድሜ ሶምፔት ቀደመ፦
«ፈጣኗ ጀልባ አለች! ሦስት ሰዓት ብቻ።
የራስ ቁር ያጠልቅ፣ ጉልበቱን ይቀፍ፣
ውሃውን እየዘለለች ታደርሰዋለች።»
እናቴ ሳቀች፣ ጥርሷ ሳይታይ፦
«የእህቴን ልጅ ከድንጋይ ላይ ማን ለቀመው?
እሱም ቸኩሎ ነበር።»

ታላቋ እህቴ ማኒቫን ስልኳን አበራች፦
«እስከ ሙአንግ ሳይ በመኪና፣ ከዚያ በባቡር።
ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ ወንበሩ በመስኮት በኩል ነው።»
«መስኮት!» አለ ሶምፔት፣ «ለማን ነው መስኮቱ?
ተራራው ሁሉ ተቦርቡሯል፤
ከዋሻ ተወጥቶ ዋሻ ነው የሚገባው።»

እኔ ግን ቀርፋፋዋን ጀልባ አሰብኩ፤
የአባቴ የነበረችውን፣ አሁን የጎረቤት የሆነችውን፣
ጠዋት ተነሥታ ለማታ የምትደርሰውን፣
እናቴ በየዓመቱ አፍንጫዋ ላይ አበባ ታስርላት የነበረችውን።
እሱም እሷን እንደሚል አልተጠራጠርኩም።
አባቴ ወንዙን በጆሮው ያውቀዋል፦
የቱ ድንጋይ ሲያንኮራፋ ውሃው እንደጎደለ፣
የቱ አዙሪት ዝም ሲል ሰው ሊበላ እንደከጀለ።

ተጣላን። በዋጋ ተጣላን፣ በሰዓት ተጣላን፣
ማኒቫን ለሠርጓ ተበድራ ባልመለሰችው ብር ሳይቀር ተጣላን።
እሱ ሩዙን በጣቱ ሲያድበለብል፣ ሲያድበለብል ቆየና፦
«በባቡሩ ልሂድ» አለ።

ጸጥ አልን።

«አሁን ዕውር ነኝ፤ ዋሻው ምን ያጎድልብኛል?
ጨለማ በጨለማ ውስጥ ቢያልፍ ማን ይከሰሳል?
ወንዙን በዚህ ዓይኔ አላባክነውም።
ስመለስ ግን በጀልባ ነው፣ ሽቅብ፣ ዝግ ብላ፣
ድንጋዩን አንድ በአንድ እስክቆጥረው።»

ባቡሩ ውስጥ እጄን ይዞ ዋሻ ቆጠረ፤
ጆሮው ሲደፈን «አንድ»፣ ሲከፈት «ወጣን»፤
ከዘጠኝ በኋላ ተሳሳተና ሳቀ።
ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ የሐዲዱ ድምፅ ሲሳሳ፣
«እሷ ናት» አለ፤ ባርኔጣውን አነሣ።

ሐሙስ የቀኝ ዓይኑ ሞራ ተገፈፈ።
«ለጥቂት ቀን» አለ ሐኪሙ፣ «ሁሉም ነገር
ሰማያዊ ሰማያዊ ይልብዎታል፤ አይደንግጡ።
ለዓመታት ቢጫ መጋረጃ ውስጥ ነበሩ።»

እሑድ ንጋት ላይ ከደረጃው ሥር ተሳፈርን።
ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከመሪው አጠገብ ተቀመጠ።
ሞተሩ አጓራ፤ ከተማዋ በጉም ውስጥ ወደ ኋላ ቀረች፤
የመጨረሻው ጣሪያ ሲሰወር መነጽሩን አወለቀ።

ያ ወንዝ፣ ወተት ያለው ሻይ የሚመስለው፣
የስንቱን አገር ጭቃ አዝሎ የሚያልፈው ወንዝ
ጠርቶ ተኝቷል፤ ሰማያዊ፤ አሸዋው ከሥሩ ይታያል።

አባቴ ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ቀኙን ጨፈነ። ግራውን ደገመ።
«ቪላይ» አለኝ፣ መሪው እንዳይሰማ ቀስ ብሎ፣
«ይሄ ዓይኔ ነው? ወይስ ውሃው ነው?»

መሪው ሰምቶ ኖሯል፤ ወደ እኔ አየ፤
እኔም ወደ እሱ።
ሽቅብ ነበርን፤ እስኪመሽ ቀኑ የእኛ ነበር።

ሙዳዩን ከፍቼ ሩዝ ዘረጋሁለት።
ከመዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው።
«ይሄ ነጭ ነው» አለ፤
ጎረሰው።